የ15 ዶላሩ ጂም ስሌት፦ የቀረው አባል ለመጣው ይከፍላል

በአሜሪካ ከርካሽ ጂሞች ሁሉ ትልቁ የሆነው ፕላኔት ፊትነስ ከ20 ዓመት በላይ ሳይነካው የቆየውን የ10 ዶላር ወርሃዊ ክፍያ በጁን 2024 መጨረሻ ለአዲስ ተመዝጋቢዎች 15 ዶላር አደረገው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በጁላይ 2025 ደግሞ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ደንበኛ የተመዘገበበትን ያህል በቀላሉ መሰረዝ ይችል ዘንድ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ያወጣውን ደንብ፣ ዋና ዋና አንቀጾቹ ሥራ ላይ ሊውሉ ቀናት ሲቀሩ ውድቅ አደረገ። በቀጣዩ ወር ያው ኮሚሽን ኤልኤ ፊትነስ የተባሉት ጂሞች ባለቤት የሆነውን ኩባንያ አባላት ውላቸውን እንዳያቋርጡ አስቸግሯል ብሎ ከሰሰ።

እንዲህ ያለ ዜና በወጣ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይነሳሉ። አንደኛው «ጂሞቹ ከፍለህ እንድትቀር እንጂ እንድትመጣ አይፈልጉም» የሚለው ክስ ነው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የሚነሳ ጥያቄ ነው፦ ሁሉ ነገር በሚወደድበት አገር ጂም በ15 ዶላር ከተገኘ እኛ ጋ ለምን አይገኝም? ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ነው ያለው፤ ለዚህ ግን የጂሙን ሒሳብ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ስያሜውና አመጣጡ

በዘርፉ ያሉ ሰዎች ይህን የንግድ ዓይነት «ብዙ አባል፣ ትንሽ ዋጋ» በሚል ትርጉም ይጠሩታል። መለያው ዋጋው ብቻ አይደለም። አንድ ሰፈር ያለች ትንሽ ጂምም ርካሽ ልትሆን ትችላለች። ርካሽ ጂም የሚባለው ሰፊ አዳራሽ፣ ብዙ ማሽን፣ ጥቂት ሠራተኛ፣ በሺዎች የሚቆጠር አባልና በየወሩ በራሱ ከባንክ የሚቀነስ ክፍያ አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ዋጋውም አይቆምም።

ፕላኔት ፊትነስ በ1992 በኒው ሃምፕሸር ግዛት ዶቨር በምትባል ከተማ አንድ የተዳከመ ጂም በመግዛት ተጀመረ። ጀርመን ውስጥ ማክፊት በ1997 ቩርዝቡርግ ላይ ተከፈተ። እንግሊዝ ውስጥ ዘ ጂም ግሩፕ በ2007 ተመሠረተ፣ ፒዩርጂም ዓመት ቆይቶ ተከተለ፤ የሁለቱም መስፋፋት ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ጋር ገጠመ። የሰው ኪስ ሳሳ፤ ባዶ የቀረ ሕንፃ በዛ፤ የኪራይ ዋጋ ለድርድር ተከፈተ። በብራዚል ስማርት ፊት በ2009 ተነስቶ ላቲን አሜሪካን አዳረሰ። የኔዘርላንዱ ቤዚክ ፊት በ2016 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ፣ ፕላኔት ፊትነስ ይህን ያደረገው ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ነበር። በ2024 ማብቂያ ፕላኔት ፊትነስ ከ2,700 በላይ ቅርንጫፎችና 19.7 ሚሊዮን ያህል አባላት ነበሩት፤ ቤዚክ ፊት ከ1,500 በላይ ቅርንጫፎችና ከ4 ሚሊዮን በላይ አባላት።

ጃፓን ነገሩን እስከ ጫፍ ወስዳዋለች። በ2022 የጀመረው ቾኮዛፕ ሠራተኛ የማይቀመጥባቸው፣ ሱቅ የሚያካክሉ ክፍሎችን በከተማው በትኖ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት ሰብስቧል። ማሽን ሲበላሽና ወለል ሲቆሽሽ የሚያይ ሰው ስለሌለ፣ ለሚያጸዱ አባላት ክፍያ እስከ መቀነስ ደርሷል።

ከዋጋው ውስጥ ምን ወጣ?

የተለመደ ባለ ሙሉ አገልግሎት ጂም ወጪ የሚበላው በማሽን አይደለም። የሚበላው በውኃ፣ በሙቀትና በሰው ነው። የመዋኛ ገንዳ ቀን ከሌሊት ይሞቃል፣ ይጣራል፣ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ጠባቂ ይቆምለታል፤ የመድን ክፍያውም የራሱ ነው። አንድ የሳውና ምድጃ እንደ ክፍሉ ስፋት ከ6 እስከ 12 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ይስባል። ካፌ፣ የልጆች ማቆያ፣ ፎጣ ማጠቢያ፣ ለየክፍለ ጊዜው የሚከፈላቸው የኤሮቢክስ አሰልጣኞች፣ እያንዳንዳቸው ደመወዝ ይዘው ይመጣሉ። ርካሹ ጂም አብዛኛውን እንዳለ ጥሎት ይነሳል።

ሠራተኛው ላይ ያለው ቅነሳ ከሁሉ የጠለቀ ነው። በእንግሊዝ ርካሽ ጂሞች አባሉ በስልኩ ይመዘገባል፣ በቁጥር ኮድ የመስታወት በር ከፍቶ ይገባል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢመጣ የሚያየው ካሜራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወለሉ ላይ የሚታዩት አሰልጣኞች ብዙ ጊዜ የጂሙ ደመወዝተኞች አይደሉም። በግላቸው የሚሠሩና ለቦታው ኪራይ የሚከፍሉ ናቸው። በአሮጌው አሠራር አሰልጣኝ የጂሙ ወጪ ነበር፤ እዚህ ገቢ ሆኗል።

ቦታው ደግሞ የመሐል ከተማ አይደለም። ፕላኔት ፊትነስ የሚፈልገው በአማካይ 20,000 ካሬ ጫማ፣ ማለት 1,850 ካሬ ሜትር አካባቢ፣ ሰፊ መኪና ማቆሚያ ያለው ምድር ቤት ነው። ይህ ልክ የከሰረ መደብር ልክ ነው። ቶይስ አር አስ በ2018፣ ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ በ2023 ሲዘጉ ባዶ አዳራሽ የታቀፉት አከራዮች፣ በኢንተርኔት ግዢ የማይነጠቅ ተከራይ ይፈልጉ ነበር። ጂም በፖስታ አይላክም።

በማሽኖቹ ላይ ግን፣ ብዙ ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ፣ አይቆጥቡም። ትሬድሚሉ (የመሮጫ ማሽኑ) ለቤት የሚሸጠው ዓይነት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ የሚሮጥበት የንግድ ዓይነት ነው። ፕላኔት ፊትነስ ቅርንጫፎቹ ማሽኖቻቸውን በአምስትና በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲቀይሩ ሲያስገድድ ቆይቷል። ምክንያቱ ደግነት ብቻ አይደለም። ከአሥር ቅርንጫፎቹ ዘጠኙ ያህል የፍራንቻይዝ ናቸው፤ ማለትም ስሙንና አሠራሩን ተከራይተው በራሳቸው ገንዘብ የከፈቱ ሰዎች ንብረት። ማሽኑን የሚሸጥላቸውም ዋናው ኩባንያ ነው። ከአባል ክፍያ 7 በመቶ ለስሙ ይወስዳል፤ ማሽን ሲቀየር ደግሞ ሻጭ ሆኖ ያተርፋል።

የቀረው አባል ሒሳብ

እስካሁን ያየነው ቅነሳ ዋጋውን በግማሽ ሊያወርደው ይችል ይሆናል። ወደ 10 እና 15 ዶላር የሚያደርሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

የፕላኔት ፊትነስን አባላት በቅርንጫፎቹ ብናካፍል ለአንዱ ከ7,000 በላይ ይደርሳል። ለስሌት ያህል 7,000 እንያዝ። እያንዳንዱ በወር 4 ጊዜ ቢመጣ በወር 28,000፣ በቀን 930 ያህል ጉብኝት ይሆናል። ከቀኑ ሰው 12 በመቶው ከሥራ መልስ ባለችው አንዲት የጭንቅ ሰዓት ቢመጣ፣ በአንድ ጊዜ 110 ሰው አካባቢ አዳራሹ ውስጥ አለ ማለት ነው። ምቹ ነው።

አሁን ደግሞ አባላቱ በሙሉ፣ ሐኪም እንደሚመክረው፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በወር 13 ጊዜ ይምጡ። በቀን ከ3,000 በላይ ጉብኝት፣ በጭንቅ ሰዓት ከ360 በላይ ሰው። አንድ ትሬድሚል ራሱ 2 ካሬ ሜትር ያህል ይዞ፣ ሰው ቢወድቅ እንዳይጎዳ ከኋላው 2 ሜትር፣ ከጎንና ከጎኑ ግማሽ ግማሽ ሜትር ክፍት ቦታ እንዲተውለት የደህንነት መስፈርቱ ይመክራል፤ ጎረቤት ማሽኖች የጎኑን ቦታ ቢጋሩ እንኳ ለአንድ ሰው ከ5 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሳል። ከ1,850 ካሬ ሜትሩ ላይ መታጠቢያው፣ መቀበያውና መተላለፊያው ሲነሳ፣ 360 ሰው በዚያ ወለል ላይ አይሠራም። ይቆማል፣ ወረፋ ይጠብቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕዝብ ሬድዮ በ2014 ባቀረበው ዘገባ በአንድ የፕላኔት ፊትነስ ቅርንጫፍ በአማካይ 6,500 አባላት ሲኖሩ፣ አብዛኞቹ አዳራሾች የሚይዙት ግን 300 ሰው አካባቢ መሆኑን ገልጾ ነበር።

ስለዚህ የሚሸጠው ነገር ቦታ አይደለም፤ ቦታ የማግኘት መብት ነው። መብቱን ብዙ ሰው ይገዛዋል፣ ጥቂቱ ይጠቀምበታል፣ የቀረው ለመጣው ይከፍላል። አወቃቀሩ ዕድርን ይመስላል፤ ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፣ አገልግሎቱ ለአንዳንዱ ይደርሳል። ልዩነቱ ዕድር ሳይደርስህ ሲቀር ደስ ይልሃል።

ሰዎች ሳይሄዱ ለምን ይከፍላሉ? ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልመንዲየር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ2006 ያሳተሙት ጥናት እስካሁን ዋና ማጣቀሻ ነው። በሦስት የአሜሪካ ጂሞች የ7,752 አባላትን መዝገብ ለሦስት ዓመት ተከታትለው ነበር። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት የሚመጡት በአማካይ 4.3 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ ወጣባቸው ማለት ነው። በዚያው ጂም የ10 ጉብኝት ካርድ በ100 ዶላር ይሸጥ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ከመጡበት ቀን እስከ ሰረዙበት ቀን ደግሞ በአማካይ ከሁለት ወር በላይ አልፏል። ከሁሉ የሚገርመው፣ በፈለጉት ወር የማቋረጥ መብት የነበራቸው ሰዎች የዓመት ውል ከፈረሙት ይልቅ ከዓመት በላይ የመቆየት ዕድላቸው ሰፊ ነበር። ሰው የሚገዛው ነገ የሚሆነውን ራሱን ነው፤ ስንፍናውን በሒሳብ አያስገባም።

የተጠኑት ጂሞች ርካሽ አልነበሩም። ዋጋው ሲወርድ ግን ይህ ባሕርይ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። በወር 70 ዶላር ሲቀነስ ሰው የባንክ ደብተሩን ያያል። 10 ዶላር ሲቀነስ ከሙዚቃና ከፊልም ክፍያዎች መሐል ተደብቆ ያልፋል፤ መሰረዝ ደግሞ «በቃ፣ ስፖርት ትቻለሁ» ብሎ ለራስ ማመን ነው። ብዙ ሰው ይህን ከማመን 10 ዶላሩን ይመርጣል።

ታዲያ ክሱ ትክክል ነው?

ግማሹ። ፕላኔት ፊትነስ ለዓመታት በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ለአባላት ፒዛ ሲያድል ኖሯል፤ ክብደት በኃይል ለሚጥልና ለሚያጓራ ሰው የሚጮህ ደወልም ሰቅሏል። ሰዉ ይህን «እንዳትለወጥ የተሸረበ ሴራ» አድርጎ ያወራዋል። የንግድ ትርጉሙ ከዚህ ቀላል ነው። በሳምንት ስድስት ቀን እየመጣ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚሠራ ሰው ለዚህ ጂም ውድ ደንበኛ ነው፤ የሚከፍለው 15፣ የሚበላው ግን የአሥር ሰው ቦታ ነው። በእጅ ብቻ የሚነሳው ረጅሙ የክብደት ዘንግ (ባርቤል) እና ቁጭ ብድግ የሚሠራበት የስኳት መደርደሪያ ለረጅም ጊዜ ያልነበረው፣ በምትኩ ዘንጉ በሐዲድ ላይ የሚሄደው ስሚዝ ማሽን የቆመው ለዚህ ጭምር ነው። (ለደህንነትና ለመድን ዋስትናም ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አይገባም።) ደወሉ ይህን ደንበኛ ወደ ሌላ ጂም ይሸኘዋል፣ ጡንቻ ያበጠ ሰው ሲያይ የሚሸማቀቀውን ጀማሪ ደግሞ ያረጋጋዋል።

ክሱ የሚስተው ነገር፣ ፈጽሞ የማይመጣ አባል ለጂሙም አይበጀውም፤ ውሎ አድሮ ይሰርዛል። ከወር ወር ከመቶ 3.5 አባል ቢለቅ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከመቶው 35 ያህሉ ሄደዋል። በእኛ የ7,000 አባል ምሳሌ፣ ባለበት ለመርገጥ ብቻ በየወሩ 245 አዲስ ሰው መመዝገብ አለበት፤ ለእያንዳንዱም ማስታወቂያ ይከፈላል። ጂሙ የሚመኘው አባል በሳምንት አንዴ ብቅ እያለ «እየሞከርኩ ነው» ብሎ የሚያምነውን ነው።

በሌላ ወገን የሚቀርበው መከራከሪያም ቀላል አይደለም። ኩባንያዎቹ ከአዲስ ተመዝጋቢዎቻቸው መካከል ጂም ረግጠው የማያውቁት እጅግ ብዙ መሆናቸውን ደጋግመው ይገልጻሉ። በ2000 በወር 60 ዶላር መክፈል የማይችል ሰው የነበረው ምርጫ መንገድ ላይ መሮጥ ነበር። ዛሬ የሌሊት ተረኛ ነርስም የታክሲ ሹፌርም በፈለጉት ሰዓት ገብተው ጥሩ ማሽን ላይ ይሠራሉ፤ ወጪያቸውን የሚሸፍንላቸው ደግሞ ያልመጣው ሰው ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ርካሽ ጂም የሚቀጣው ሰነፉን ነው፤ ድሃውን አይደለም። ችግሩ የሰነፉ ገንዘብ በፈቃድ መውጣቱን ሲያቆም፣ በውሉ ሸምቀቆ መውጣት ሲጀምር ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

15ቱ ዶላር 15 አይደለም

መሠረታዊው ክፍያ 15 ዶላር ሲሆን ከዚህ ሌላ በዓመት አንድ ጊዜ 49 ዶላር አካባቢ የሚቀነስ ዓመታዊ ክፍያ አለ። 15 በ12 ሲባዛ 180፣ ሲደመር 49፣ 229 ዶላር። በወር 19 ዶላር ሆነ። የመመዝገቢያና እንደ ግዛቱ የሚጨመረው ግብር ገና አልገባም። ከመሠረታዊው የበለጠ የሚያስከፍለው ጥቁር ካርድ፣ በየትኛውም ቅርንጫፍ መግባት፣ እንግዳ ማስገባትና የማሳጅ ወንበሮችን መጠቀም ይፈቅዳል። ከአባላቱ ከ60 በመቶ በላይ ይህን ይዘዋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ትንሹ ቁጥር በሩን ይከፍታል፤ ገቢውን የሚሸከመው ሁለተኛው ነው።

አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ሌላ ነገር ይመልከቱ። ቤዚክ ፊት ዋጋውን ለዓመታት ሲያስነግር የቆየው በ4 ሳምንት እንጂ በወር አይደለም። ዓመት 52 ሳምንት ስለሆነ ክፍያው 13 ጊዜ ይወጣል። 19.99 ዩሮ በ13፣ 259.87 ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል በወር 21.66። ማጭበርበር አይባልም፣ ተጽፏልና። ግን አሥራ ሦስተኛውን ክፍያ ስንቱ ያስተውለዋል?

ዋጋው በ2024 የጨመረው ለምንድን ነው? የደመወዝ፣ የኪራይና የግንባታ ዋጋ ከ2021 በኋላ ሲንር፣ የ10 ዶላሩ አባል የሚያስገኘው አልተለወጠም። አዲስ ቅርንጫፍ ለመክፈት ብድር የሚወስደው የፍራንቻይዝ ባለቤት ደግሞ በአሮጌው ወለድ መበደር አልቻለም። ኩባንያው ነባር አባላትን በ10 ዶላር እንዲቆዩ ማድረጉም ብልሃት አለው፤ «ብለቅ መመለሻዬ 15 ነው» የሚል ሐሳብ የተኛውን አባል ይበልጥ ያስተኛዋል።

መሐሉ ላይ የተጨፈለቁት

የርካሽ ጂም መስፋፋት የጎዳው የቅንጦት ጂሞችን አይደለም። ላይፍ ታይምና ኢኩዊኖክስ በወር መቶዎችን የሚያስከፍሉ ሆነው ቀጥለዋል፤ የሚሸጡት ገንዳውን፣ አገልግሎቱንና አብሮ የሚታየውን ሰው ነው። የተመታው በወር ከ40 እስከ 70 ዶላር ያስከፍል የነበረው መካከለኛው ነው። ማሽኖቹ ከርካሹ አይሻሉም፣ አገልግሎቱ የቅንጦቱ ጋ አይደርስም። ወረርሽኙ በ2020 በሮችን ሲዘጋ ጎልድስ ጂም በሜይ፣ 24 አወር ፊትነስ በጁን፣ ታውን ስፖርትስ ኢንተርናሽናል በሴፕቴምበር ከአበዳሪዎች የሚጠብቃቸውን የኪሳራ ከለላ ከፍርድ ቤት ጠየቁ። ወረርሽኙ ገፋቸው እንጂ ግድግዳው ከዚያ በፊት ተሰንጥቆ ነበር።

ርካሽ መሆን ብቻውን ግን አያድንም። የኢኩዊኖክስ ቡድን እህት ኩባንያ የነበረው ብሊንክ ፊትነስ ዋጋው ከፕላኔት ፊትነስ ብዙ የማይርቅ ሆኖ ሳለ በኦገስት 2024 ከሰረ። ብዙ ቅርንጫፎቹ ኪራይ እሳት በሆነበት ኒው ዮርክና አካባቢው ነበሩ። ዋጋው የርካሽ ጂም፣ ኪራዩ የመሐል ከተማ። የተረፉትን ቅርንጫፎች የእንግሊዙ ፒዩርጂም በ121 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለላቸው።

ውሉን መፍታት

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ተግባራዊው ነገር ይህ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ቢወድቅም የግዛት ሕጎች አሉ፣ ይለያያሉም። በኒው ዮርክ ከፈረሙ በኋላ 3 ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል፤ ከ25 ማይል በላይ ርቆ የሄደም ማቋረጥ ይችላል፣ ለዚያ ማስረጃ ሊጠየቅ ቢችልም። ጀርመን ከዚህ ርቃ ሄዳለች፦ ከጁላይ 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ውል የሚያስገባ ድርጅት በድረ ገጹ ላይ የመሰረዣ ቁልፍ ማኖር ግዴታው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባንክ ላይ ነው። ካርድ መቀየር ወይም ሒሳብ መዝጋት ውሉን አያፈርሰውም። ከሒሳብ በቀጥታ የሚወጣ ክፍያን፣ ከመውጣቱ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድሞ ባንኩ እንዲያስቆም ማዘዝ ሕጋዊ መብት ነው። ጂሙ ግን ያልተከፈለውን እንደ ዕዳ ይዞ ለዕዳ ሰብሳቢ ሊሸጠው ይችላል፤ በብድር ታሪክ ላይ የሚወጣውም ያኔ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፦ መጀመሪያ መሰረዝ፣ ማረጋገጫ መያዝ፣ ከዚያ ባንኩ።

መሰረዣው በድረ ገጽ ከሌለ፣ የተመዘገቡበት ቅርንጫፍ በአካል ሄዶ ቅጽ መሙላትና ቅጂውን ፎቶ ማንሳት፣ አለበለዚያ ደረሰኝ ባለው አደራ ደብዳቤ መላክ ነው። የተመዘገቡበት ቅርንጫፍ የሚባለው ለወግ አይደለም፤ ቅርንጫፉ የሌላ ሰው ንብረት ስለሆነ ውሉም ከዚያ ሰው ጋር ነው። ቀኑም ወሳኝ ነው። በፕላኔት ፊትነስ በተለምዶ ክፍያው በወሩ 17ኛ ቀን ስለሚወጣ እስከ 10ኛው ካልተሰረዘ የዚያ ወር ክፍያ ይሄዳል። ዓመታዊው ክፍያ ከመውጣቱ በፊት ያለውን ወር ከውሉ ላይ ፈልጎ በስልክ ማስታወሻ መሙላት 49 ዶላር ያድናል። ኩባንያው በ2025 በኢንተርኔት መሰረዝን በሁሉም ቅርንጫፎች ሲፈቅድ የሚለቀው አባል ቁጥር ከፍ ማለቱን ራሱ ለባለ አክሲዮኖች ገልጿል። የበሩ ጥበት ለምን ያገለግል እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

ከመፈረም በፊት ምን ይታያል?

ጉብኝት የሚደረገው ሊሠሩ ባሰቡበት ሰዓት ነው፤ በተለይ ሰኞ ከሥራ መልስ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሁሉም ጂም ባዶ ነው። «አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸውን ማሽኖች ይቁጠሩ፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ያው ወረቀት ያው ማሽን ላይ ካለ፣ ጥገናው በቋሚነት የሚደረግ ሳይሆን ባለሙያ ሲጠራ ብቻ ነው ማለት ነው። ትሬድሚል ላይ ወጥተው በዝግታ ሲራመዱ ምንጣፉ እግር ሲያርፍ የሚያመነታ ከሆነ ወይ ላልቷል ወይ ቅባቱ ደርቋል። የደረቀ ምንጣፍ ፍትጊያ ይጨምራል፣ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ኮረንቲ ይስባል፣ በመጨረሻ የሚቃጠለው ውዱ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። በገመድ በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ገመዱ ከመያዣው ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ ይዩ፤ የፕላስቲክ ልባሱ ተሰንጥቆ ሽቦው ከታየ አይጎትቱት። የሚበጠሰው ከዚያ ነው፣ የሚበጠሰውም በጭነት ላይ ሳለ ነው።

በክብደት ለሚሠራ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው፣ ትልቁ ዳምቤል ስንት ኪሎ ነው፣ የስኳት መደርደሪያው ስንት ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ገበያው ራሱ እየተለወጠ ነው። ወጣቶች ከትሬድሚል ወደ ክብደት እየዞሩ በመሆናቸው ፕላኔት ፊትነስ ሳይቀር የመሮጫ ማሽኖችን ቀንሶ ለጥንካሬ ሥራ ቦታ እየለቀቀ ነው። ክብደት የሚያነሳ ሰው በየዙሩ መሐል ያርፋል፣ ቦታ ይዞ ይቆያል፣ አዘውትሮም ይመጣል። ከላይ ያየነው የ4 ጊዜ ስሌት በዚህ በኩል ሊላላ ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ስሌቱ የሚሰበርበት ቦታ

የመጀመሪያው ምክንያት ሁሉም የሚጠራው ነው። ማሽኑ በዶላር ይገዛል፤ ብር በጁላይ 2024 መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ያኔ ማሽን ለማስገባት በሒደት ላይ የነበረ ሰው ወጪው በእጥፍ ሊጠጋ ደረሰ። የመብራት መዋዠቅ ደግሞ ያንኑ የትሬድሚል ቦርድ ያቃጥላል፣ መለዋወጫው እንደገና በዶላር ነው። መሬቱም ሌላ ነው፤ ብዙ ጂም ያለው በሕንፃ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ወይም ከመሬት በታች ባለ ወለል ውስጥ ነው፣ 1,850 ካሬ ሜትር በአንድ ወለል ማግኘት ከባድ ነው።

ብዙ የማይወራው ግን የክፍያው መንገድ ነው። አዲስ አበባ ላይ አባሉ ወሩ ሲያልቅ ራሱ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወይም በቴሌብር ይከፍላል። ስለዚህ ክፍያው በየወሩ አዲስ ውሳኔ ነው። ያልመጣ ሰው አይከፍልም፣ በዚህም ምክንያት ሳይመጣ የሚከፍል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጂሙ የሚቀረው ከሚመጡት ጋር ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ይመጣሉ፣ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ አሰልጣኝ ይፈልጋሉ። ዋጋው የሙሉ ተጠቃሚን ወጪ መሸፈን አለበት። የሦስት ወር፣ የስድስት ወርና የዓመት ጥቅል በቅናሽ የሚሸጠው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው፦ ገንዘቡ ቀድሞ ይገባል፣ ሁለተኛው ወር ላይ የቀረው አባል የሌላውን ወጪ ሸፍኖ ይሄዳል። አሜሪካዊው የሚተኛው በ15 ዶላር ነው፤ እኛ ጋ የሚተኛው የስድስት ወሩን አንድ ላይ ከፍሎ ነው።

ከዚህ ላይ ደንበኛው የሚጠብቀው አለ። ስቲምና ሳውና፣ ኤሮቢክስ፣ የሚያሠራ አሰልጣኝ፣ እዚያ ዋጋ ለማውረድ መጀመሪያ የተቆረጡት ሁሉ እዚህ የማስታወቂያው ራስጌ ናቸው። ሙከራ የሚያደርግ ባለሀብት ካለ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው፤ ከመሐል ከተማ ወጣ ያለ ምድር ቤት፣ ስቲም የሌለበት፣ ከመሮጫ ማሽኑ ይልቅ ብረቱ የበዛ፣ ምክንያቱም ብረት መብራት አይፈልግም፣ ቦርድም የለው። ወርሃዊ ክፍያው ከደመወዝ ሒሳብ በቋሚ ትዕዛዝ እንዲወጣ ከአሠሪ መሥሪያ ቤቶችና ከባንክ ጋር መስማማት ደግሞ ከማሽኑ ግዢ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።